ወንጪ፣ ባሌ ወይስ አርባ ምንጭ? ተራራና ሸለቆ እያዩ ለማረፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአራት ቀን ሦስት ከተማ እናዳርሳለን ብለን ከአዲስ አበባ ወጣን። እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ የተከራየነው መኪና ከነሾፌሩ። ሥራችን ማታ ማታ ሻንጣ ማውረድ፣ ጠዋት ጠዋት ሻንጣ መጫን ሆነ። አንደኛው ሆቴል በስልክ የያዝነውን ክፍል ለሌላ እንግዳ ሰጥቶት ጠበቀንና እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት መኝታ ፍለጋ ስንዞር አመሸን። ቤት ስንገባ እናቴ ነጠላዋን እያራገፈች "እኔስ አገሩን በመስኮት ነው ያየሁት" አለች። ምን ይመለስላታል?

ከዚያ ወዲህ ለዕረፍት ከመውጣታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት እንቀመጣለን? የምናድርበት ቦታስ ከፍታው ስንት ነው? በእይታ በኩል አገራችን አትታማም፤ የትም ብትሄዱ ዓይን የሚሞላ ተራራ አይጠፋም። ዕረፍቱን የሚያበላሸው የመንገዱ ርዝመትና የሌሊቱ ብርድ ነው። የድሮ ሰዎች አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ለእርሻ ቢሆንም ለእኔ ግን መኝታ ለመምረጥም ያገለግለኛል።

የማወዳድራቸው ሦስት ናቸው፦ ወንጪ፣ የባሌ ተራሮች፣ አርባ ምንጭ ከነዶርዜ። ሦስቱንም የምመዝናቸው ሳይቻኮሉ ለማረፍ በሚመች ዓይን ነው፤ ተራራ ለመውጣት የምትፈልጉ መለኪያችሁ ሌላ ነው። ስሜን የት ሄደ የሚል አይጠፋም። ስሜን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ከመዘገባቸው የዓለም ቅርሶች አንዱ ነው፤ በውበቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት እናትና ልጅ ይዛችሁ በመኪና ሂዱ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናትም ብዙዎቹ ገደል ላይ ስለሆኑ ለጉልበት እንጂ ለዕረፍት አይሆኑም።

የቀሩት ሦስቱም ቢሆኑ ያለ ጥያቄ አይኬድባቸውም። የመንገዱን ሁኔታ በምትወጡበት ሳምንት ጠይቁ። የምትጠይቁትም መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችንና የምታርፉበትን ሆቴል ይሁን፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ዘመድ የሚነግራችሁ ያለፈውን ዓመት ነው። ከመሸ በኋላ አትንዱ።

መንገዱ

ወንጪ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወሊሶም በአምቦም መግባት ይቻላል። ቁርስ ቤታችሁ በልታችሁ ብትወጡ ምሳ እዚያ ትበላላችሁ።

ባሌ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እስካለበት እስከ ዲንሾ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙሉ ቀን ያዙለት። ሁለት አቅጣጫ አለው፣ በሻሸመኔ ወይም በአሰላ። እኔ የአሰላውን እመርጣለሁ። የአርሲ የስንዴ ማሳ በመኸር ወቅት ወርቅ የተነጠፈበት ይመስላል፤ ደራርቱና ቀነኒሳ የወጡባትን በቆጂንም ታልፋላችሁ። በጠዋት ካለፋችሁ በመንገዱ ዳር የሚሮጡ ልጆች ታያላችሁ፤ ከመኪናችን እኩል ለመሮጥ የሞከረ አንድ ትንሽ ልጅ የእኔን ልጆች እስከ ዶዶላ ድረስ ሲያስወራቸው ነበር።

አርባ ምንጭ እንደምትመርጡት መንገድ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም ሙሉ ቀን ነው። አርባ ምንጭም ባሌ ያለችው ሮቤም አውሮፕላን ማረፊያ ስላላቸው በአየር መሄድ ይቻላል፤ በረራው ለእናንተ በሚመቸው ቀን ላይሆን ስለሚችል መጀመሪያ ትኬት፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያ ሆቴል ብትሉ ይሻላል። ብዙዎቻችን በተገላቢጦሽ ነው የምናደርገው።

ስለዚህ ሁለት ሌሊት ብቻ ያለው ሰው ብዙ ማሰብ የለበትም፤ ወንጪ ይሂድ። ቅዳሜና እሑድን ተሻምቶ ባሌ ደርሶ የተመለሰ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ሰኞ ቢሮ ሲገባ ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ወንጪ

ወንጪ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከጠርዙ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ሐይቁ ተኝቷል፣ በዙሪያው እንሰትና ገብስ የተዘራበት ቁልቁለት አለ፣ ሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጠርዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይ እንደገባች ብርዱ አጥንት ይገባል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ መድቦታል፤ "ገበታ ለሀገር" ከተባለው ፕሮጀክት በኋላም መንገዱና ማረፊያው ተቀይሯል።

ለውጡ ሁለት መልክ አለው። ምቾት ለሚፈልግ፣ በተለይ ሽማግሌ ለያዘ፣ ወንጪ ከበፊቱ እጅግ ቀሏል። የድሮውን ወንጪ የምናውቅ ግን አንድ ነገር ጎድሎብናል፤ በፈረስ ቁልቁል እየተንገጫገጩ መውረድ፣ አርሶ አደር ቤት ጎራ ብሎ ማር መቅመስ የቀኑ ዋና ጉዳይ የነበረበት ጊዜ ነበር። አሁንም ፈረሱ አለ፣ ማሩም አለ። መጠየቅ ግን አለባችሁ፤ ካልጠየቃችሁ ቀኑ በፎቶ ያልቃል።

ለእኔ የወንጪ ምርጥ ሰዓት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ቀስ እያለ ይነሳል፤ መጀመሪያ የደሴቷ ዛፎች ጫፍ ይታያል፣ ቀጥሎ ጣራው፣ በመጨረሻ ውኃው። ይህን ለማየት የግድ እዚያ ማደር ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስቶ የሚመጣ ሰው አይደርስበትም። በጀት ከጠበበ ወሊሶ ወይም አምቦ ማደርም ያስኬዳል፤ ሁለቱም ከወንጪ ዝቅ ስለሚሉ ሌሊቱ ይሞቃል፣ ጭጋጉን ግን ታጡታላችሁ። ሁለት ሌሊት ከሆነ አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች ብታደርጉትስ? አይሆንም፤ ሻንጣው ይመጣል። አንድ ቦታ እደሩ።

ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ፈቃድ ማግኘት ከቻላችሁ ቦታው የእናንተ ነው።

ባሌ

ባሌን አልወድም የሚል ሰው አላጋጠመኝም፣ አረፍኩበት የሚልም እንደዚያው ብዙ አላጋጠመኝም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፣ እስከ ጫፉ በመኪና ይወጣል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከቀረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚህ ነው ያለው። ቀበሮውን ለማየት ማንም "በሌሊት እንውጣ" ቢላችሁ አትስሙት። ቀበሮው የሚያድነው ፍልፈልና አይጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው ከጉድጓዳቸው ብቅ የሚሉት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ቁርስ በልታችሁ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዛችሁ ድረሱ።

እኛ ስንደርስ አንዱ ቀበሮ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ ቆሞ ነበር። አንድ እግሩን አንስቷል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ዘሎ ወረደ፤ ሳተው። ዞር ብሎ አየንና እንዳላየ ሆኖ ሄደ። ከመኪና ወርጄ የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ልቤ ደረጃ እንደወጣ ሰው ይመታ ጀመር። የከፍታው ነገር እንዲህ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ሳለ አይታወቃችሁም። ከአምባው ሥር ያለችው የጎባ ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ከዚያ ተነስታችሁ በአንድ ጠዋት 4,000 ሜትር ስትደርሱ ራስ ምታት ቢይዛችሁ አትደንግጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ አትሩጡ፣ ካልተሻላችሁ ውረዱ። ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያናግሩ። እናቴን ያኔ ጎባ አስቀርተናት ነበር፤ ማታ ስንመለስ ከሆቴሉ አስተናጋጆች ጋር ቡና አፍልታ ከእኛ የተሻለ ቀን አሳልፋለች።

አምባውን ካቋረጣችሁ በኋላ መንገዱ ተጠማዝዞ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። አምባው ላይ የሚበቅለው ጅብራ ይቀርና የአስታ ቁጥቋጦ ይተካል፣ ከአስታው በኋላ ሽበት መሳይ ነገር የተንጠለጠለባቸው ትልልቅ ዛፎች ይመጣሉ፣ አየሩም ይሞቃል። የጫካ ቡና የሚለቀመው እዚህ ነው፤ ቀፎ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ባሌን ለማረፊያ ለሚመርጥ ሰው የምመክረው ከሳነቴ ይልቅ እዚህ በታች ባለው ጫካ ውስጥ ወይም ዲንሾ ላይ ሦስት ሌሊት እንዲያድር ነው። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ የደጋ አጋዘን በእግር እየተንሸራሸራችሁ ታያላችሁ፤ መኪና ሳታስነሱ የምታገኙት ነገር ይህ ነው። ብርዱ ግን ብርድ ነው። ሁለት ካልሲ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ጋቢ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

የሶፍ ዑመር ዋሻም በዚያው በኩል አለ፤ የወይብ ወንዝ ከተራራው ሥር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈልፍሎ የሠራው ነው። ከሮቤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ቀን ከተረፋችሁ ጨምሩት፤ ካልተረፋችሁ ለሌላ ጊዜ።

አርባ ምንጭና ዶርዜ

ከሦስቱ ለዝግታ ዕረፍት የተመቸው ይህ ነው እላለሁ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይሞቃል፤ ዶርዜ ደግሞ ከከተማዋ በመኪና ሽቅብ የምትወጣ ደጋ ናት። በአንድ ጠዋት በሸሚዝ ወጥታችሁ በጋቢ ምሳ ትበላላችሁ፣ ማታ ግን ተመልሳችሁ የምትተኙት ቆላው ላይ ነው። አዛውንት ሰው ደጋን በቀን አይቶ በሌሊት ቆላ ሲያድር ጉልበቱ አያጉረመርምም።

ከተማዋ ሁለት ናት። ሲቀላ ታች ናት፣ ገበያውና ግርግሩ እዚያ ነው። ሴቻ ላይ ናት፣ ከገደሉ አፍ ላይ የተሠሩት ሆቴሎች እዚያ ናቸው። ሴቻ ያዙ፤ ክፍሉ መካከለኛ ቢሆንም በረንዳው ይክሳችኋል። ከበረንዳው ታች ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች የሚፈልቁበት ጫካ አለ፣ ከጫካው ወዲያ በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ። አባያ ቀላ ያለ ነው፣ ጫሞ ሰማያዊ። እናቴ ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ያን ጊዜ ነው ይህ ዕረፍት ተሳካ ያልኩት።

ጫሞ ላይ ጀልባ ይዛችሁ የአዞ ገበያ ወደሚባለው ዳርቻ ትሄዳላችሁ። አዞው ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ጉማሬውም ከውኃው ብቅ ጥልቅ ይላል። የሕይወት ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ፣ እጃችሁንም ውኃ ውስጥ አትንከሩ። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ገብቶ የሜዳ አህያ ማየት ደስ ይላል፤ ሆኖም መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል፣ ቀኑንም ይበላል። ወገብ ለሚያመው ሰው ይቅርበት።

ዶርዜን በአንድ ሰዓት ዞረው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ቤቱ ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ነው፤ ከፊት ሲታይ ዝሆን ይመስላል፣ አፍንጫው ሳይቀር። ምስጡ ከሥር ሲበላው የተበላውን እየቆረጡ ስለሚያስተካክሉት ቤቱ እንደ ሰው በእርጅናው ያጥራል። የቤቱን ቁመት አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ቦታ መቀየር ቢያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞት ይሄዳል።

እዚያ አንዲት እናት ቆጮ ሲያዘጋጁ ቁጭ ብለን አየን። የእንሰቱን ቅጠል ግንድ ዘንበል ካለ ጣውላ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ ነጩ ነገር ከቃጫው ተለይቶ ይወርዳል። ያ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ከቆየው ላይ ቆንጥረው በጠፍጣፋው ዳመጡት፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ምጣድ ላይ ጣሉት፣ በማርና በዳጣ አቀረቡልን። ቆጮ ያለ ክትፎ አይበላም የምትለው እናቴ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች። ዳጣው ግን ይፋጃል፤ ልጆች ካሉ ማሩን አስቀድሙላቸው።

ጋቢ የምትገዙ ከሆነ ከሸማኔው ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ግዙ። ሽሮ ሜዳ የምታውቁት ሸማኔ አብዛኛው ሥሩ ከዚህ አካባቢ ነው። ወደ ዶርዜ በሚያወጣው መንገድ ላይ ልጆች እየጨፈሩና እየተገለባበጡ ከመኪና ፊት ይመጣሉ፤ ሳንቲም አትወርውሩ፣ ከመኪና ፊት መሮጥን ሥራቸው ያደርገዋል።

የአርባ ምንጭ ዕዳው ወባ ነው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ "የመንገድ ድካም ነው" ሳትሉ ተመርመሩ። ወንጪና የባሌ ደጋ ላይ ይህ ሥጋት እምብዛም ነው፤ ወደ ሐረና ታች ወይም ወደ ሶፍ ዑመር ከወረዳችሁ ግን እዚያም ተጠንቀቁ።

መቼ ይኬድ

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለምትመጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚዘጋው የእኛ ክረምት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንጪ ጭቃና ጉም ነው፤ ሐይቁን ሳታዩት ልትመለሱ ትችላላችሁ። ባሌም ይዘንባል። አርባ ምንጭ አካባቢ ግን ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ከዚያም በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ በክረምቱ ወራት ቀለል ይላል። በሐምሌ ለመጣ ሰው ከሦስቱ የምመርጥለት እሱን ነው።

ወንጪ ከመስቀል በኋላ ያምራል፤ ዝናቡ ቆሞ፣ አረንጓዴው ሳይደርቅ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ። ባሌን ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ዶርዜን ለመስቀል ማየት ሌላ ዓለም ነው፤ የዓመቱ ትልቁ በዓላቸው ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ አገሩ ይገባል። በዚያው ልክ አውቶቡሱም ሆቴሉም ይሞላል። ለበዓሉ ከሆነ ከወር በፊት ያዙ፤ ለዕረፍት ከሆነ ግን በዓሉ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሂዱ።

ለማን የቱ

ፍቅረኛሞች ወይም አዲስ ተጋቢዎች ሁለት ሌሊት ካላችሁ ወንጪ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው፣ እንስሳ የሚወዱ ልጆች ካሏችሁና አምስት ቀን ካላችሁ ባሌ። እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ሕፃን ሁሉም አንድ ላይ ከሆኑ አርባ ምንጭ፣ ቢያንስ አራት ሌሊት፣ ሁሉም በአንድ ሆቴል። በወጪ ረገድ ወንጪ ለቤንዚን ርካሽ፣ ለመኝታ ውድ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ በተቃራኒው። ሲደመር ልዩነቱ የምታስቡትን ያህል አይሰፋም፣ በተለይ ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ።

ክፍል ስትይዙ ቀብድ በቴሌብር ላኩና ስማችሁ፣ ቀኑና የክፍሉ ብዛት የተጻፈበት መልእክት እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን ደውሉ። ሙቅ ውኃ የሚኖረው በስንት ሰዓት ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ምድር ቤት ክፍል አለ? እኛ ይህን ሳንጠይቅ ነው ያን ምሽት በመንገድ ያመሸነው።

ከአርባ ምንጭ ስትመለሱ ላንቴ አካባቢ በመንገዱ ዳር ሙዝ ይሸጣል። ሻጮቹ መኪና ሲቆም ከበው ቢጫውን ያሳያሉ፤ ያንን ለመንገድ ጥቂት ውሰዱ፣ ለቤት ግን አረንጓዴውን በዘለላ ግዙ። ከመኪናው ኋላ ተጭኖ አዲስ አበባ ገብቶ ከሦስት ቀን በኋላ ይበስላል።